ለግንባር የሰጠሁት ገብስ

ስለ ሶማሌ ጦርነት ይንገሩኝ ብለሽ ደብተርሽን ዘረጋሽ። እኔ ልጄ ታንክ አላየሁም፣ ጥይትም አልሰማሁም። እኔ የማውቀው የአንድ ማዳበሪያ ገብስ ነገር ነው። እሱንም ለማንም አውርቼው አላውቅም። ቀስ ብለሽ ጻፊ። የሚያሳፍረኝ ቦታ ስደርስም አትዝለይው፣ እንደወጣ ጻፊው።

ያኔ ደርግ ከገባ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አሰላ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነበር ቤታችን። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው ይባላል፤ እኔ ግን ዓይኔን ስገልጥ ያየሁት የጭላሎን ተራራ ነው። አያትሽ የቀን ሥራ ይሠራል፣ እኔ ጠላ እጠምቃለሁ። ጠላዬ የታወቀ ነበር። ሁለት ጣሳ የጠጣ ሰው ግድግዳ ይዞ ነው የሚወጣው። «ምን ብታደርጊበት ነው?» ይሉኛል። «እጄ ነው» እላለሁ። እጄ አልነበረም። እንክርዳድ ነው።

እንክርዳድ ታውቂያለሽ? አንቺ የት ታውቂያለሽ፣ ዱቄት ከሱቅ ነው የምትገዙት። ከስንዴና ከገብስ መሀል የሚበቅል አረም ነው፤ ፍሬው ቀጠን ያለ፣ ጠቆር ያለ። ቂጣ ውስጥ ከገባ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ጉልበት ይቆርጣል። ደህና ሴት ለቅማ ትጥለዋለች። ጠላ ጠማቂ ግን አንዳንዷ አትጥለውም፤ ጥቂት ጣል ስታደርግበት ጠላው ጉልበት ያገኛል። ከዲክሲስ የሚመጡ ገበሬዎች እንክርዳድ የበዛበት ገብስ ማንም አይገዛቸውምና ለኔ ያመጡልኛል። እሱን በአንድ ማዳበሪያ አስቀምጣለሁ። ለልጆቼ ቆሎና ቂጣ የሚሆነውን ንጹሁን ደግሞ በሌላ ማዳበሪያ። ሁለቱም ጓዳ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። ተሳሳትኩ እንዳልልሽ ነው ይሄን የምነግርሽ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችኝ። እዚሁ አሰላ የተወለደች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የምታፈሰው፣ በኔ ዕድሜ። ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ ሶማሌ ነው። ከጅጅጋ በኩል ጨርቅና የባትሪ ድንጋይ እያመጣ ሲነግድ አገኛትና አገባት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። እኔና እሷ ከጦርነቱ በፊትም አንዋደድም ነበር። የጠላዬ አተላ ዝናብ ሲጥል ቁልቁል ወርዶ እሷ ግቢ ይገባል።

«አንቺ ሴትዮ! አተላሽ እኮ እመስገጃዬ ደረሰ!» ትላለች በአጥሩ።

«ዝናቡን ተቆጪው። ቁልቁል የሚፈሰው እሱ ነው።»

«ዝናብ እንዲህ አይገማም!»

«እንግዲያ ባልሽ ከሶማሌ አገር ሽቶ ያምጣልሽ!»

እንዲህ ነበር የምንሰዳደበው። ስድብ ነው፣ ግን ሲመሽ ይረሳል። በበነጋው እሳት ትለምነኛለች፣ እሰጣታለሁ። ጨው እለምናታለሁ፣ እየተነጫነጨች ትሰጠኛለች። ጦርነቱ ሲመጣ ያው ስድብ ሌላ ሆነ።

ሬድዮው ቀኑን ሙሉ ወራሪ፣ ተስፋፊ፣ ሰርጎ ገብ ይላል። ቀበሌው ድምጽ ማጉያ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ስለነበር አልሰማም ብትዪም ትሰሚያለሽ። ጠላ ቤቴ ውስጥም ወሬው እሱው ነው። ትናንት ሶማሌን ያስታጠቁ ሩሲያዎች ከሶማሌ ተጣልተው ወደኛ ዞሩ ተባለ። አንዱ ጠጪ፣ «አሜሪካ ወጣ፣ ሩሲያ ገባ፤ እኔ ግን እዚሁ አግዳሚ ላይ ነኝ!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ አየ። እንደዚያ ነበር ጊዜው። ደግሞ የሶማሌ ሬድዮ በኦሮምኛ ያወራል፣ እሱን የሰማ ይታሰራል ተባለ። ከጎረቤቴ ቤት መጀመሪያ ሬድዮዋን ወሰዱ። እሷ እንደሆነ ዘፈን እንጂ ሌላ ስትሰማ አልሰማሁም። ግን ማን ጠየቀኝ? ቢጠይቁኝስ እናገርላት ነበር? እንጃ።

ባሏ ጦርነቱ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው እናቴ ታማለች ብሎ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ነበር። በዚያው መንገዱ ተዘጋ። ሰፈሩ ግን መንገድ ተዘጋበት አላለም። «ለሶማሌ ሊዋጋ ሄደ» ነው ያለው። ስሟም ጠፋ፤ የሶማሌ ሚስት ሆነች።

ብዙም ሳይቆይ አያትሽን ለሚሊሺያ ወሰዱት። የእናት አገር ጥሪ ነው፣ እምቢ አይባልም። መኪና ላይ ሲወጣ ያቺን የማጠባትን ሕፃን፣ እናትሽን ነው፣ አቅፌ ቆሜ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ አየችኝ። እሷም ወንድ ልጇን አዝላለች፤ የሁለታችን ልጆች ወር አይለያዩም። ምናልባት አይዞሽ ልትለኝ ነበር። እኔ ቀደምኳት።

«ባሌን የወሰደብኝ ያንቺ ባል ነው!» አልኳት።

«ባልሽን የወሰደው ቀበሌ ነው» አለች። «ከደፈርሽ ሄደሽ ለሱ ጩኺ።»

አልደፈርኩም። እሷ ላይ ጮህኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አተላዬን ዝናብ ሳልጠብቅ ወደ አጥሯ እደፋ ጀመር። ጻፊው።

ከዚያ የስንቅ ትእዛዝ መጣ። ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር በሚባልበት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ቤት ለበሶ የሚሆን ገብስ ለቅሞ፣ አጥርቶ እንዲያመጣ፣ ሴቶች ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበው ፈትገው፣ ቆልተው፣ አስፈጭተው እንዲያስረክቡ። አሰላ የገብስ አገር ነዋ፤ ከኛ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ጓዳ ገባሁ። ሁለቱ ማዳበሪያዎች ቆመዋል። ንጹሁ ከግማሽ ወርዷል፤ ባል የለኝም፣ ሦስት ልጅ አለኝ፣ መኸሩ ገና ነው። «ባሌንም ወሰዱ፣ የልጆቼንም ቆሎ ይወስዳሉ?» አልኩ። እንክርዳድ ያለበትን ጎተትኩት። እዚያ ብዙ ሴት አለ፣ ይለቅሙታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደግሞ የማስበው የቀበሌውን ሊቀመንበር ቁጣ ብቻ ነው። በሶውን ማን እንደሚበላው አላሰብኩም። እውነቴን ነው፣ አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝ።

አዳራሹ የድሮ ባላባት ቤት ነው፤ ተወርሶ የቀበሌ ሆኖ ነበር። ሴቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ የሚያበጥረው ያበጥራል፣ የሚቆላው ይቆላል። የሶማሌ ሚስት ተብላ ጎረቤቴን ከባዱን ሥራ፣ ሙቀጫውን ሰጥተዋታል። ጠዋት የገባች ሴትዮ እስከ ማታ ቀና ሳትል ትወቅጣለች። የኔ ማዳበሪያ ሲፈታ ተራው የሷ ሙቀጫ ሆነ። ከገብሱ እፍኝ ዘገነችና ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ተመለሰች።

«ይሄ ገብስ የማነው?»

ሴቱ ሥራውን ቀጠለ። እኔም ሰፌዴ ላይ አጎነበስኩ። ማዳበሪያውን ስታየው አወቀችው፤ በአጥሩ ስንት ጊዜ አይታዋለች።

«ያንቺ ነው» አለችኝ። «እንክርዳዱ ከገብሱ ይበልጣል። ይሄ ለጠላሽ ያስቀመጥሽው ነው። ለሰው አይሆንም፣ ይለቀም።»

የሴቱ ሁሉ ዓይን ወደኔ ዞረ።

«እዩልኝ እናንተ!» አልኩ። «ባሏ ባሌ ላይ ይተኩሳል፣ እሷ ደግሞ ባሌ የሚበላውን ስንቅ ታስቀራለች!»

ሴቶቹ ጉድ! ጉድ! አሉ። «እውነቷን ነው!» አለች አንዷ። «ለሶማሌ ነው የምታዝነው!» አለች ሌላዋ። በዚህ መሀል ሊቀመንበሩ ገባ። ወጣት ነው፣ የሰፈራችን ልጅ፤ ድሮ ጠላ ቤቴ መጥቶ በዱቤ የሚጠጣ፣ አሁን ሽጉጥ ያንጠለጠለ።

«ምንድነው ጫጫታው?»

«ጓድ፣ ይሄ ገብስ እንክርዳድ አለበት፣ ይለቀም ነው የምለው» አለች።

ማዳበሪያውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «ስንቁ ተቆጥሮ የሚረከበው ነገ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ውቀጪ!» አላት።

ወቀጠች። እሷ ፈተገች፣ ሌሎቹ ቆሉት፣ ተፈጨ። ከተቆላ በኋላ ማን ይለየዋል? እኔ ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ከከተማው በታች ባለው ሜዳ አዲስ ምልምሎች ሰፍረው ነበር። የዲክሲስ፣ የጢቾ፣ የበቆጂ የገበሬ ልጆች። ወደ ግንባር እስኪጫኑ ድረስ እዚያው ይሠለጥናሉ። ከበሶው የመጀመሪያው ጆንያ ለነሱ ተሰጠ። ጠዋት በጥብጠው ጠጡ። ረፋዱ ላይ ሰልፍ ላይ እያሉ አንዱ ወደቀ፤ ቀጥሎ ሌላው። የሚያስመልሰው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገደው፣ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ሜዳው በሙሉ ታመመ። አንዱ ከመኪና ላይ ሲወርድ ዞሮበት ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

ወሬው ከተማውን የሞላው ምሳ ሳይደርስ ነው። «የሶማሌ ሚስት ስንቁ ውስጥ መርዝ ጨመረች!» ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ አልጀመርኩትም። ግን ስሰማው ትንፋሼ ተመለሰ። አብዮት ጠባቂዎቹ መጥተው ከቤቷ ሲያወጧት በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ልጇን ከጀርባዋ አውርደው ለእናቷ ሰጡ።

«እኔ ተናግሬ ነበር!» ትላለች። «የሷ ገብስ ነው! እሷን ጠይቁ! ሁላችሁም ሰምታችኋል!»

«ዝም በይ! የዘማች ሚስት ስም ታጠፊያለሽ ደግሞ?» አለ አንዱና በጥፊ መታት።

ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋት ነበር እኮ። አንዷም ትንፍሽ አላለችም። በነጋታው ጠላ ቤቴ ሞላ። «አንቺማ ነግረሽን ነበር፤ ያኔውኑ ጠርጥረሻት ነበር» እያሉ ያመሰግኑኛል። አንዱ፣ «ጂፕ መጥቶ ለአውራጃው ያስረክቧታል አሉ» አለ። ለአውራጃ የተሰጠ ሰው በዚያን ጊዜ እንዴት እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙው አይመለስም። እኔ ጣሳ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

የሷ ልጅ ግን ያለቅሳል። አጥሩ ምንድነው፣ የጭራሮ አጥር ነው፤ አጠገቤ ያለ ያህል ነው የሚሰማኝ። ጡት ነው የሚፈልገው። አያቱ የላም ወተት ብትሰጠው ይተፋዋል። አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰ። በሁለተኛው ቀን ድምጹ ቀነሰ፤ የቀነሰው ነው የባሰብኝ። እናትሽን ሳጠባ የዚያን ልጅ ድምጽ ስሰማ ወተቴ በሌላው ጡት በኩል ይፈስሳል። ልብሴ ይረጥባል። ጡት ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

ተነሳሁና አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። አሮጊቷ፣ እናትየዋ፣ በር ላይ ልጁን ታቅፋ ተቀምጣለች። አማርኛዋ ሰባራ ነው።

«እማማ፣ ልጁን ይስጡኝ፣ ላጥባው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ልጄ አንቺ ማዳበሪያ ነግራኛል» አለች። «ያን ቀን ማታ መጥታ ነግራኛል። ወቀጥኩት አለች፣ አለቀሰች።»

«ልጁ ይሞታል፣ እማማ!»

«ጡትሽን ያዥው» አለችኝ። «አፍሽን ክፈቺ።»

ሌላ አልጨመረችም። በሩን ዘጋች።

ይሄን ጊዜ ልቤ ተሰበረ እንዳልልሽ ልጄ፣ ተናደድኩ። እኔ ለምኜ ላጥባ ሄጄ በር ይዘጋብኛል? እየተሳደብኩ ቤቴ ገባሁ። ግን ቁጭ ማለት አቃተኝ። እናትሽን አዘልኩና በንዴቴ ቀበሌ ሄድኩ። በደህና ልብ አልሄድኩም።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ገብሱ የኔ ነው» አልኩት። «መርዝ አይደለም፣ እንክርዳድ ነው።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አላከኝም።»

«እናቷ ለምናሽ ነው። የሰፈር ሰው ናት ብለሽ አዝነሽ ነው።»

«ኧረ አላዘንኩላትም! ገብሱ የኔ ስለሆነ ነው።»

«ስሚኝ» አለኝ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ የዘማች ሚስት ነሽ። የዘማች ሚስት ስንቅ አታበላሽም። አይደለም?»

«እኔ ግን አበላሸሁ።»

«አላበላሸሽም!» ጠረጴዛውን መታው፤ እናትሽ ከጀርባዬ ባንና አለቀሰች። «ሰርጎ ገብ ይዘናል ብዬ ለአውራጃ ጽፌአለሁ። ተመስግኛለሁ። አሁን ደግሞ ይቅርታ፣ የያዝነው እንክርዳድ ነው ልበል? ደግሞ ውቀጪ ያላት ማነው ሲሉኝ ማን ልበል? ነገ ጠዋት ጂፑ ይመጣል፣ ይገላግሉናል። ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ እውነቱን ስትናገር የጠላት ሚስት ናት ብለው አላመኗት። እኔ ስናገር ደግሞ የዘማች ሚስት ናት ብለው አያምኑኝም። ማንም እውነቱን የሚፈልገው የለም።

ከዚያው ወደ አዳራሹ ዞርኩ። ጠባቂው ያውቀኛል። «ለልጄ ትንሽ በሶ ልዘግን» ብዬው፣ «ይሄማ የተመረዘው ነው» ሲለኝ፣ «ከወዲያኛው ጆንያ ነው» አልኩና ከዚያው ከታሸገው፣ ከራሴ ገብስ ዘግኜ ወጣሁ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ምልምሎቹን የሚያሠለጥነው አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ የበቆጂ ሰው ነው፣ የገበሬ ልጅ እንደሆነ ከጠላ ቤት ወሬ አውቃለሁ። ቁጡ ነው ይሉታል።

«ምን ፈለግሽ?»

መልስ ሳልሰጠው ከባልዲው ውሃ ጭልፌ በሶውን በእጄ ጨበጥኩት። ጭብጦውን ፊቱ ቆሜ በላሁት። ሁለተኛውን ጨበጥኩ፣ በላሁት። ምልምሎቹ ተሰበሰቡ። «አበደች!» ይላል አንዱ። «ያ የተመረዘው ነው እኮ!» ይላል ሌላው።

«መርዝ ከሆነ እሞታለሁ» አልኩ። «እንክርዳድ ከሆነ እሰክራለሁ። ጌታዬ፣ ራስዎ ይቅመሱት፤ የበቆጂ ሰው አይደሉም?»

ሃምሳ አለቃው ከእጄ ቁንጣሪ ወስዶ አላመጠ። እየቆየ ፊቱ ተኮማተረ፣ እንትፍ አለ።

«እንክርዳድ ነው» አለ። «የት አባቱ፣ መራራነቱን ሳላውቀው ቀርቼ! የማን ገብስ ነው?»

«የኔ ነው። እሷ ይለቀም ብላ ነበር።»

«ባልሽ የት ነው?»

«ግንባር ነው፣ ጌታዬ።»

በእጄ የቀረውን በሶ አየ። ከዚያ፣ «ይሄ በሶ እዚህ ሳይበላ ቢጫን የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ባልሽ ወዳለበት ነው። ባልሽ ይሄን ጠጥቶ፣ ዓይኑ ዞሮ፣ ጠብመንጃው ከእጁ ወድቆ፣ ጠላት ፊቱ ቢመጣስ?»

በቃ፣ እሱን ስሰማ ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ። እንክርዳዱም ይዞኝ ነበር፤ ግን እንክርዳዱ ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ቀን ስለ ሊቀመንበሩ፣ ስለ ጎረቤቴ፣ ስለ ልጆቼ ቆሎ ሳስብ፣ የራሴ ባል አፍ አልታየኝም። እዚያው አስመለሰኝ። እናትሽን አንዱ ምልምል ከጀርባዬ ተቀበለኝ።

ሃምሳ አለቃው አላዘነልኝም። «ተነሺ!» ብሎ እየጎተተ ቀበሌ ወሰደኝ። ከሊቀመንበሩ ጋር ተፋጠጡ።

«ሰርጎ ገብ ናት» ይላል ሊቀመንበሩ።

«እሷን ለአውራጃ ብትሰጥ የቀረውን ገብስ ማን ይለቅምልኛል? ከዚህ ሁሉ ሴት እንክርዳድ የለየች እሷ ብቻ ናት። ሰኞ ንጹህ ስንቅ ካልጫንኩ ሪፖርት የማደርገው አንተን ነው። ውቀጪ ያላትን ሰው!»

ሊቀመንበሩ ጠባቂውን ጠራ። ጎረቤቴን አወጧት። ውስጥ እግሯን ገርፈዋት በተረከዟ ነው የምትራመደው። ልጇን አምጥተው ሰጧት፤ ስታጠባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ሁለታችንን አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን። ፊታችን የሰፈሩ ገብስ ሁሉ ተከመረ። ሌሎቹን ሴቶች አባረሩ። ልቀሙ ተባልን።

ለቀምን። ሰፌዷ ከሰፌዴ ይነካካል። ፊቷን ወደኔ አትመልስም። እኔ አላስቻለኝም።

«ነገርኳቸው እኮ» አልኩ።

«በሦስተኛው ቀን» አለች፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ።

«ብቆይም ነገርኳቸው።»

«ዲሲ!» አለችኝ። በኦሮምኛ ተዪኝ ማለቷ ነው። ቆይታ ደግሞ፣ «የምለቅመው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባሌን የሚወጋ ሰው ጠግቦ እንዲዋጋ ነው የማጠራው። ያንቺ ባል በርትቶ እንዲተኩስ። ዝም ብለሽ ልቀሚ» አለች።

በነጋታው ጠዋት ጂፑ መጣ። ለካ ሃምሳ አለቃውና ሊቀመንበሩ እርስ በርስ ተስማሙ እንጂ ለአውራጃው ማንም አልነገረውም። ካኪ የለበሰ ሰውዬ ገባ።

«የታለች ሴትዮዋ?»

ሊቀመንበሩ ወደ መሬት ያያል። ሃምሳ አለቃው፣ «ጓድ፣ ነገሩ ስህተት ነው፣ እንክርዳድ ነው» አለ።

«ማን ነው ያስገባው?» ሰውዬው ወደኛ መጣ። ሁለታችንንም አየን። እግሯን አየና ማን እንደሆነች አወቀ። «አንቺ ነሽ? የማነው ገብሱ?»

ጣቷን ወደኔ ብትቀስር በቃ። ጂፑ ባዶውን አይሄድም። እኔ እናትሽን አጥብቄ ያዝኩ።

«እኔ አንዴ ተናግሬ ተገርፌአለሁ» አለች። «ሁለተኛ አልናገርም። እሷን ጠይቃት።»

ሰውዬው ወደኔ ዞረ። «የኔ ነው» አልኩ። «ለጠላ ያስቀመጥኩት ነው። ንጹሁን ለልጆቼ አስቀርቼ እሱን ሰጠሁ። እሷ ለዩት ብላ ነበር።»

«ለሠራዊቱ የጠላ አሰር ሰጠሽ?»

«አዎ።»

ወደ ጂፑ ሊወስደኝ ክንዴን ያዘ። ሃምሳ አለቃው ነው ያስቀረኝ። «የዘማች ሚስት ናት፤ ባሏ ግንባር ሆኖ እሷን ብናስር ለምልምሎቹ ምን እላለሁ? ቀበሌው ይቅጣት» አለው። ብዙ ተነጋገሩ፣ ወረቀት ተጻፈ፣ ፈረሙ። ጂፑ ባዶውን ሄደ።

እኔን ቀበሌው አሰረኝ፣ ከነእናትሽ፤ ክረምቱ እስኪወጣ። ትልልቆቹ ልጆቼ ዘመድ ጋ ቀሩ። አብዮት ጠባቂዎቹ ቤቴ ገብተው ጋኖቼን ሰበሩ፣ ጠላ መሸጥ ተከለከልኩ። ለዘማች ቤተሰብ የሚሰጠው ስኳር ቀረብኝ። ያ ሊቀመንበር ምንም አልሆነ። ሴቶቹ ደግሞ፣ እኔን ያመሰገኑት እነዚያው፣ «እኛማ ያኔውኑ ሰምተናል፣ ሴትዮዋ ተናግራ ነበር» ይሉ ጀመር።

ከታሰርኩበት ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ቤት ነው። የሰፈር ሽማግሌ ይዤ፣ ከሷም ሃይማኖት አንድ ሽማግሌ ጨምሬ። ድንጋይ ተሸክሜ በሯ ላይ ተንበረከክሁ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። እሷ ልጇን እያጠባች ሰማች።

«የተገረፍኩት እኔ ነኝ» አለች መጨረሻ ላይ። «የተሰደበው ግን ባሌ ነው። ጠላት የተባለው እሱ ነው፤ እሱ በሌለበት ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። ሲመጣ እነግረዋለሁ። እሱ ይቅር ካለሽ እኔም ይቅር እልሻለሁ። ብቻዬን አልችልም።»

«መንገዱ እኮ ተዘግቷል፣ ልጄ» አላት ሽማግሌው።

«እስኪከፈት» አለች።

በዚያው ቀረን። ጦርነቱ አለቀ ተባለ፣ ሰልፍ ወጣን፣ እልል አልን፤ እሷንም እልል በይ ብለው አቆሟት፣ አለች። አያትሽ እጁ ቆስሎ ተመለሰ። ነገሩን ከሰው ሰማው፤ እኔን አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ብቻ እስኪሞት ድረስ ከእጄ በሶ ቀምሶ አያውቅም። ጦርነቱ ቢያልቅም ሁለቱ መንግሥታት አልታረቁም። ዓመት ቆጠርን፣ ሁለት፣ አምስት፤ መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ከምሥራቅ በኩል የመጣ መኪና ገበያ ሲቆም ሄጄ ረጅም ሰው አለ ወይ ብዬ አያለሁ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ ተስያለሁ፣ ያ ሰው ይምጣልኝ ብዬ። ካህኑ፣ «ለማን ነው ስለትሽ?» ሲሉኝ፣ «ለአንድ ሶማሌ» አልኳቸው። ጆሯቸውን ነው የተጠራጠሩት።

ልጇ ከፍ ሲል ጨርቋን ሸጣ፣ ናዝሬት ወንድሟ ጋ ልትሄድ ተነሳች። ዕቃዋ መኪና ላይ ሲጫን ሰማሁና ወጣሁ። አሮጊቷ ሞታለች። እሷ አልጋዋን ታስጭናለች። ፊቷ ሄጄ ቆምኩ። ድንጋይ ከተሸከምኩበት ቀን ወዲህ አተላ በአጥሯ ደፍቼ አላውቅም፣ ሰላምታ ግን አልሰጠችኝም ነበር።

«ሄድሽ?» አልኳት።

አየችኝ።

«መጣ?» አለች።

«ማን?»

«ባሌ።»

«ኧረ አልመጣም።»

«እንግዲያውስ» አለችና ተሳፈረች።